18 ቁጥር የትኛው ጥርስ ነው?

ወረቀት ላይ «18 ይነቀል» የሚል ትእዛዝ አለ እንበል። ወረቀቱ የተጻፈው በርሊን ከሆነ፣ የሚነቀለው ከላይ በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ ያለው መንጋጋ ጥርስ ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ሃያ ዓመቱ ገደማ የሚያበቅለው፣ አንዳንዱም ጭራሽ የማያበቅለው። ወረቀቱ የተጻፈው ዋሽንግተን ከሆነ ግን የሚነቀለው ከታች በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ያለው መንጋጋ ነው። በየቀኑ እንጀራ የሚያላምጠው ማለት ነው። አንዱ ላይ ነው፣ አንዱ ታች። አንዱ ቀኝ ነው፣ አንዱ ግራ። ሁለቱም ሐኪሞች ደግሞ ትክክል ናቸው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በሥራ በኩል ነው። አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ የወረቀት ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ፈለገ፣ ሥራው ለእኛ ቡድን ደረሰ። ካርዶቹ ላይ አማርኛ ብዙም የለም። ቁጥር አለ፣ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፣ አንዳንዶቹ የቆዩ ካርዶች ላይ ደግሞ መስቀል ተሠምሮ በአራቱ ማእዘን ቁጥሮች ተደርድረዋል። ዳታቤዙን ከመሥራቴ በፊት ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ይህ ጥያቄ 1861 ቪየና ድረስ ወሰደኝ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ቁጥር ለምን አስፈለገ? ጥርስ ስም አለው እኮ። በአማርኛ የፊት ጥርስ እንላለን፣ ክራንቻ እንላለን፣ መንጋጋ እንላለን። ለወሬ ይበቃል። ለሕክምና ግን አይበቃም። ጥርሱ የተሟላ አዋቂ 32 ጥርስ አለው፦ ከፊት የሚቆርጡ 8፣ ክራንቻ 4፣ ከክራንቻ ቀጥለው ያሉ ትንንሽ መንጋጋዎች 8፣ ከኋላ ያሉ ትልልቅ መንጋጋዎች 12። «መንጋጋዬን አሞኛል» ያለ ሰው ከሃያ ጥርሶች አንዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። አጥንቱን ማለቱም ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ ጥርሱንም አጥንቱንም መንጋጋ ይላቸዋልና። ጥርት አድርገን እንናገር ካልን «የታችኛው ግራ ሁለተኛ ትልቅ መንጋጋ» ማለት አለብን። በእንግሊዝኛም ቢሆን አያጥርም። ወረፋ የሞላበት ሐኪም ይህን ሁሉ በየካርዱ ሲጽፍ አይውልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ «ግራ» ሲባል የታካሚው ግራ ነው። ሐኪሙ ፊት ለፊት ስለሚያይ የታካሚው ቀኝ ለእሱ በግራ በኩል ይታየዋል፣ ካርዱም እንደዚያው ይሣላል። ካርዱን እንደ መስታወት ያነበበ ሰው ሁሉንም ነገር ይገለብጠዋል።

በ1861 ቪየና ውስጥ የሚሠራ አዶልፍ ዢግሞንዲ የተባለ የጥርስ ሐኪም ቀላል መላ አመጣ። መስቀል አሠመረ። ቋሚው መስመር አፍን ቀኝና ግራ ይከፍላል፣ አግድሙ ላይና ታች። በየሩቡ ያሉትን ጥርሶች ከመሃል ጀምሮ ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ቆጠራቸው፤ የወተት ጥርሶችን ደግሞ በሮማ ቁጥር ከአንድ እስከ አምስት። አንድ ጥርስ ብቻ መጻፍ ሲፈለግ ሙሉው መስቀል አያስፈልግም፤ ከመስቀሉ አንዱ ማእዘን ከቁጥሩ ጋር ይሠመራል። የማእዘኑ አቅጣጫ ሩቡን ይነግራችኋል፣ ቁጥሩ ተራውን። ቤተሰቡ በነገራችን ላይ ጉድ ነው፤ ሁለቱ ልጆቹ ኤሚልና ኦቶ ስመ ጥር የአልፕስ ተራራ ወጪዎች ነበሩ፣ ሌላው ልጁ ሪቻርድ ደግሞ የ1925ን የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝቷል። አባትየው ያተረፈልን ሁለት መስመር ነው፣ እሱም ይኸው የእኛ ክሊኒክ ካርድ ላይ ደርሷል።

አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ኮሪደን ፓልመር የሚባል ሐኪምም ተመሳሳይ ዘዴ አቅርቦ ነበርና፣ እንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ ይህንን የሚጠሩት በፓልመር ስም ነው። ዴንማርካዊው ቪክቶር ሃዴሩፕ ደግሞ ማእዘኑን በመደመርና በመቀነስ ምልክት ተካው። መደመር ላይኛው፣ መቀነስ ታችኛው፤ ምልክቱ ከቁጥሩ በየትኛው ጎን እንደተቀመጠ ደግሞ ቀኝና ግራውን ይለያል። ያምራል፣ ግን አንድ ሰው ተቻኩሎ ምልክቱን በተሳሳተ ጎን ቢያስቀምጥስ?

የመስቀሉ ችግር ሌላ ነው። በእስክሪብቶ ሲጻፍ ግሩም ነው፣ በታይፕራይተር ግን አይጻፍም። በስልክም አይነገርም። «ማእዘኗ ወደ ግራ የተከፈተች፣ ከታች መስመር ያላት ስድስት» እያላችሁ ለሌላ ሐኪም ስትደውሉ አስቡት። ችግሩ እስከ ኮምፒውተር ዘመን ዘልቆ፣ ዩኒኮድ በ2002 ባወጣው 3.2 እትም ለጥርስ ሕክምና ብቻ የሚያገለግሉ 15 ምልክቶች ጨምሯል፤ የመጡትም ከጃፓን የፊደል ስታንዳርድ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 ስለሆነ በሦስት ዓመት እንቀድማቸዋለን። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው መንገድ መስመሩን ጥሎ ዝም ብሎ መቁጠር ነበር። በ1882 ዩሊዩስ ፓራይት የተባለ ጀርመናዊ ጥርሶቹን ከ1 እስከ 32 በተርታ መቁጠርን አቀረበ። ዘሩ የበቀለው ግን ጀርመን ሳይሆን አሜሪካ ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ተቀበለው፣ ስሙም «ዩኒቨርሳል» ተባለ፤ ዓለም አቀፋዊ እንደማለት። ከአሜሪካ ውጭ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ቆጠራው እንደ ሚኒባስ መስመር ነው፦ ከላይ ቀኝ ጥግ ይነሳል፣ በፊት ጥርሶች በኩል ዞሮ ላይ ግራ ጥግ ሲደርስ 16 ይሆናል፣ እዚያው ወደ ታች ይወርድና 17 ብሎ በመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል፣ ታች ቀኝ ጥግ ላይ 32 ብሎ ይቆማል። የወተት ጥርሶቹ ሃያ ናቸው፣ በዚያው መስመር ከኤ እስከ ቲ ባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራሉ።

ሦስተኛው፣ ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት፣ የዢግሞንዲን መስቀል ወደ ቁጥር የለወጠው ነው። በ1900 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጥርስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ በፈረንሳይኛ ምህጻሩ ኤፍዲአይ፣ በ1970 ገደማ ነው ይህን ያጸደቀው። ሐሳቡ አንድ መስመር ነው፦ ማእዘኑን በአሃዝ ተካው። ላይ ቀኝ 1፣ ላይ ግራ 2፣ ታች ግራ 3፣ ታች ቀኝ 4። የወተት ጥርስ ከሆነ ያው ሩቦች በዚያው ቅደም ተከተል 5፣ 6፣ 7፣ 8 ይሆናሉ። ከዚያ ቀጥሎ ከመሃል የተቆጠረው ተራ ይጻፋል። ስለዚህ 36 ማለት ሩብ 3፣ ስድስተኛ ጥርስ፤ የታችኛው ግራ የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ። ሲነበብም «ሠላሳ ስድስት» አይባልም፤ «ሦስት ስድስት» ነው የሚባለው። ቀበሌና የቤት ቁጥር በሉት፤ ቀበሌ 3፣ የቤት ቁጥር 6። የዓለም ጤና ድርጅት ይጠቀምበታል፣ አይኤስኦም በቁጥር 3950 ስታንዳርድ አድርጎታል።

እንደ ፕሮግራመር ከጠየቃችሁኝ የኤፍዲአይ ይሻላል፣ በብዙ ይሻላል። ቁጥሩ ራሱ መረጃ ይይዛል፦ መጨረሻው 6 የሆነ ሁሉ የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ነው፣ መጨረሻው 3 የሆነ ሁሉ ክራንቻ ነው። 19 ብሎ የጻፈ ሰው ካለ ኮምፒውተሩ ወዲያው «እንዲህ ያለ ጥርስ የለም» ይለዋል። በአሜሪካው ግን 19 ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ 20ም እንዲሁ። ከ1 እስከ 32 ያለው ሁሉ ጥርስ ስለሆነ አንዱን ቁጥር ለሌላው ብትጽፉ ማንም አይይዛችሁም። ደግሞ ቆጠራውን የሚጀምረው ብዙ ሰው ከሌለው ጥርስ ነው። ቤት በሌለበት ቦታ «ቤት ቁጥር 1» ብሎ መንደር መቁጠር ምን ይሉታል?

አንድ ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አመሳከርኳቸው። በሁለቱም ዘዴ ትክክለኛ የአዋቂ ጥርስ ሆነው የሚያልፉ ቁጥሮች 18 ናቸው፦ ከ11 እስከ 18፣ ከ21 እስከ 28፣ ከዚያ 31 እና 32። ከነዚህ መሃል በሁለቱም ዘዴ አንድ ዓይነት ጥርስ የሚያመለክተው ስንት ይመስላችኋል? አንድም የለም። 11 በኤፍዲአይ የላይኛው ቀኝ የመሃል ጥርስ ነው፤ በአሜሪካው የላይኛው ግራ ክራንቻ። 25 እዚህ የላይኛው ግራ ሁለተኛ ትንሽ መንጋጋ፣ እዚያ የታችኛው ቀኝ የመሃል ጥርስ። 32 እዚህ ከታች ከመሃሉ ቀጥላ ያለችው የፊት ጥርስ፣ እዚያ የመጨረሻው መንጋጋ። አሜሪካኖቹ ለትርፍ ጥርስ (ከ32ቱ በላይ የሚያበቅል ሰው አለ) ከ51 እስከ 82 ያሉትን ቁጥሮች ሰጥተዋል፤ እነዚህ ደግሞ አብዛኞቹ በኤፍዲአይ የወተት ጥርሶች ናቸው። ሆን ብሎ የተሠራ ወጥመድ ቢሆን እንኳ ከዚህ በላይ አይሳካም ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ለመረዳት ከማንም የቀረብን ነን። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ «ሦስት ሰዓት እደውላለሁ» ሲባል «በማን ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ቁጥሩ ችግር የለበትም። ከየት መቁጠር እንደተጀመረ ነው ያልተጻፈው። የልደት ቀን ቅጽ ስንሞላም እንደዚሁ ነው፦ ዓመቱ በእኛ ነው በእነሱ? ልዩነቱ፣ ቀጠሮ ቢያመልጥ ሌላ ቀጠሮ አለ። ጥርስ ግን ከተነቀለ ተነቀለ።

ክሊኒኩ ውስጥ እየሠራን ሳለ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጡ አንድ እናት ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ 18 መነቀል እንዳለበት ተጽፏል። እሳቸው ጣታቸውን ያስቀመጡት ታች ግራ ነው፣ ጉንጫቸውም በዚያ በኩል አብጧል። ሐኪሟ ወረቀቱን አዩት፣ እናትየውን አዩአቸው፣ ፈገግ አሉና ካርዱ ላይ 37 ብለው ጻፉ። እዚህ ላይ ያዳነው ሕመሙ ነው። የሚያም ጥርስ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል።

የሚያስፈራው የማያመው ነው። ጥርስ በሽቦ ለማስተካከል ቦታ ሲጠብ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ትንሽ መንጋጋ ይነቀላል፣ ከሩቡ 4 ወይም 5። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፣ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ነጭና ጤነኛ ናቸው። የጠቆረ የለ፣ የሚያም የለ። ጥርስ የሚያስተካክለው ሐኪም አንድ፣ የሚነቅለው ሐኪም ሌላ ሲሆን ደግሞ በመካከላቸው ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። የተሳሳተ ጥርስ መንቀል በሕክምናው ዓለም በደንብ የሚታወቅ አደጋ ነው፤ የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት እስከ 2021 ድረስ ለዓመታት «በጭራሽ መድረስ የሌለባቸው» ብሎ ከሚዘረዝራቸው ክስተቶች ጋር ሲቆጥረው ነበር። የቁጥር መደባለቅ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፣ ግን አንዱ ነው።

ስለ ፊደላቱም ትንሽ ልበል፣ ካርዳችሁን ያያችሁ ቀን ይጠቅማችኋልና። ከቁጥሩ አጠገብ ኤም፣ ኦ፣ ዲ የሚሉ ፊደላት ካያችሁ የጥርሱ ገጾች ናቸው። ለምን «ፊትና ኋላ» አይባልም? የጥርስ ተርታ ቀጥ ያለ ስላልሆነ ነው። እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፋል። የፊት ጥርስ «ቀኝ ጎን» የሚባለው፣ መንጋጋ ላይ ስትደርሱ «ኋላ» ይሆናል። ስለዚህ ከመሃል መስመር አንጻር ይጠሩታል፦ ወደ መሃል የሚያየው ሜዢያል፣ ከመሃል የሚርቀው ዲስታል፣ የሚያኝከው የላይኛው ገጽ ኦክሉዛል። «36 ኤም ኦ» ማለት የታችኛው ግራ የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ፣ ወደ መሃል ባለው ጎንና በማኘኪያው ላይ ተሞልቷል ማለት ነው። ስለ ጥርሳችሁ እየተጻፈ ያለው ይሄ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡት ግን አራቱ ናቸው፦ 16፣ 26፣ 36፣ 46። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ይበቅላሉ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ዝም ብለው ስለሚወጡ ብዙ ቤት ውስጥ የወተት ጥርስ ይመስላሉ። ሲቦረቦሩ «ተዪው፣ ይወልቃል፣ ሌላ ያበቅላል» ይባላል። አያበቅልም። ይህ ጥርስ ልጁ እስኪሸመግል ሊያገለግለው የመጣ ነው። አማርኛ «የወተት» እና «ቋሚ» የሚሉ ቃላት አሉት፣ ግን አፍ ውስጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ የዕለት ቃል የለንም፤ ሁሉም መንጋጋ ነው። ቁጥሩ የመጀመሪያው አሃዝ ላይ ይለየዋል፦ 3 ካለ ቋሚ ነው፣ 7 ካለ የወተት።

እነዚህን የልጆች ካርዶች ስናስገባ ነው የመጨረሻውን ነገር ያየሁት። የሌሉ ጥርሶችን የሚዘረዝር ሳጥን ነበር። በአንዳንድ ሕፃናት ካርድ ላይ 73 እና 83 የሚሉት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው አየሁ። 73 የታችኛው ግራ የወተት ክራንቻ ነው፣ 83 የታችኛው ቀኝ። ሌሎቹ ጥርሶች በሙሉ አሉ፣ ሁለቱ ክራንቻዎች ብቻ የሉም። በአጋጣሚ የወለቀ ጥርስ እንዲህ በእኩል ርቀት ግራና ቀኝ አይጠፋም።

ሐኪሟን ጠየቅኋቸው። «ግግ ነው» አሉኝ።

ግግ ማስወጣትን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» በሚለው ርእስ ሥር ከእንጥል መቁረጥ ጋር አብሮ ተዘርዝሮ ለፈተና ሸምድደነዋል። ምን እንደሆነ የጠየቀ ግን ከክፍላችን አልነበረም። ሕፃኑ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያተኩሰዋል። አፉ ሲታይ ክራንቻው የሚወጣበት ቦታ ድዱ አብጦና ነጣ ብሎ ይገኛል። ሕመሙ ከዚያ ነው ይባላል። ድዱ ተሰንጥቆ ከውስጥ ገና ያልጠነከረው ጥርስ ይወጣል። ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ ትል ነው ይሉታል፣ «ይኸው ትሉ ወጣ» ተብሎ ለእናት ይታያል። ድዱ ያበጠው ጥርስ ሊወጣ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ተቅማጡ የመጣው ከሌላ ነገር ነው፣ እሱም ሳይታከም ይቀራል። በንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ የተሰነጠቀ ድድ ደም ይፈሰዋል፣ ይመረቅዛል። ከወተት ክራንቻው ሥር ደግሞ የቋሚው ክራንቻ ፍሬ አለ፤ 33 እና 43። እሱም አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ነገር ባሕር ተሻግሮም ታይቷል። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ በመጡ የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ የወተት ክራንቻዎች እንደሌሉ አይተው ጽፈውበታል። ለእነሱ እንግዳ ነገር ነበር። ሰንጠረዡ ላይ ያሉት ባዶ ቦታዎች ልጆቹ ገና ሳይናገሩ አገር ቤት ምን እንዳሳለፉ ይናገሩ ነበር።

በእኛ ሶፍትዌር ላይ አንድ ጥርስ «የለም» ሲባል ምክንያቱን የሚያስመርጥ ዝርዝር አለ። ሦስት ምርጫ ነበረው፦ አልበቀለም፣ ራሱ ወልቋል፣ ተነቅሏል። ከዘዴዎቹ አንዱም፣ የቪየናውም የአሜሪካውም የኤፍዲአይውም፣ ጥርሱ ለምን እንደሌለ የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው የሚሉት። ሐኪሟ ዝርዝሩን አዩና አራተኛ መስመር እንድንጨምር ጠየቁ። በእንግሊዝኛ ምን ብለን እንጻፈው ስላቸው «በአማርኛ ጻፈው» አሉ። አሁን ከሦስቱ ሥር «ግግ» የሚል አለ። እስካሁን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ለ73 እና ለ83 ነው።